ለልጅ ቁመት የሚሠራ ቀስት፦ እንጨት ከመምረጥ እስከ መጀመሪያው ፍላጻ

በባሕር ዳር ሰፈሮች ልጆች ለራሳቸው ቀስት ሲሠሩ አካሄዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከአጥር ጥግ እርጥብ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ በሲባጎ ይወጠራል፣ እስከ ማታ ይጫወቱበታል። በማግስቱ እንጨቱ እንደ ጎበጠ ደርቋል፤ ሲባጎው ቢፈታም አይቃናም፤ ፍላጻውም ከእግር ሥር ይወድቃል። ልጆቹ አይፈረድባቸውም። እርጥብ እንጨት ጎብጦ ከደረቀ ጉብጠቱን ይዞ መቅረቱ ባሕርዩ ነው።

አዋቂው ሲሠራ ደግሞ በሌላ በኩል ይሳሳታል። «ለልጅ አይደል?» ይልና አጭርና ወፍራም ያደርገዋል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፦ ረጅምና ስስ። አጭር ቀስት ትንሽ ሲሳብ ብዙ ይጎብጣል፣ ጫናው አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ መጨረሻው ላይ በድንገት ይጠነክራል። ያን ጊዜ ወይ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፣ ወይ እንጨቱ ይሰበራል። የልጅ ቀስት ርዝመቱ ልጁን ያህል ሆኖ የሚቀነሰው ኃይሉ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማሳካት ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ከማንኛውም አናጢ ቤት አይጠፉም፦ መጋዝ፣ መጥረቢያ ወይም ገጀራ፣ ሻካራ ሞረድና ትንሽ ክብ ሞረድ፣ ስለታም ካራ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትር፣ እርሳስ። ነጋዴዎች በመንጠቆ አንጠልጥለው የሚመዝኑበት ዓይነት ሚዛን ከጎረቤት መዋስ ከቻሉ ሥራውን በግማሽ ያቀልልዎታል። ስለት ያለበትን ሥራ አዋቂ ይሥራው። ልጁ ለመለካት፣ ለማለስለስና ለመቀባት ይድረስ፤ ከዚያ በፊት ግን ጎብኚ ነው።

ከእንጨቱ በፊት ልጁን ይለኩ

ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ይዘርጋ። ከአንዱ መሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው መሐል ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክተው ለ2.5 ያካፍሉት። የሚያገኙት ቁጥር ልጁ አውታሩን ወደ ፊቱ ሲስብ የሚደርስበት ርቀት ነው። እጁ ሲዘረጋ 120 ሳንቲሜትር የሆነ ልጅ 48 ሳንቲሜትር ያህል ይስባል፤ 140 የሆነው 56።

የቀስቱ ርዝመት የዚህ ቁጥር እጥፍ ሆኖ 24 ሳንቲሜትር ያህል ይጨመርበታል። ለመጀመሪያው ልጅ 120፣ ለሁለተኛው 136 ሳንቲሜትር ይመጣል። የተዘረጋ እጅ ከቁመት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሜትር ያልያዘ ሰው ልጁን እንጨቱ አጠገብ ቢያቆመው ብዙም አይሳሳትም። ከተጠራጠሩ ያስረዝሙ። የረዘመ ቀስት ይቅር ባይ ነው፤ ያጠረ ግን ምሕረት የለውም።

ኃይሉ በኪሎ ይለካል፤ አውታሩ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ሚዛኑ የሚያሳየው ማለት ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆነ ልጅ ከ3 እስከ 5 ኪሎ፣ ከ8 እስከ 10 ለሆነ ከ5 እስከ 7፣ ከ11 እስከ 13 ለሆነ ከ7 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። ልጁ ስቦ ይዞ ጥቂት ሰከንድ ሳይንቀጠቀጥ መቆየት ካልቻለ ቀስቱ ከብዶታል። «ያድግበታል» እየተባለ ጫማ አስፍቶ መግዛት ያለ ነው፤ በቀስት ግን አይሠራም። ከአቅሙ በላይ የሚስብ ልጅ ትከሻውን ያጣምማል፣ ሳያነጣጥር ይለቅቃል፣ ፍላጻው የት እንደሚሄድም አያውቅም።

የትኛው ዓይኑ እንደሚመራም ይዩ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራና በሁለት ዓይኑ አሻግሮ አንድ ነገር ይመልከት፤ ከዚያ ተራ በተራ አንድ አንድ ዓይኑን ይጨፍን። ሲጨፈን ነገሩ ከቀዳዳው የሚጠፋው መሪው ዓይን ነው። ቀኝ ዓይኑ የሚመራ ልጅ በቀኝ እጁ ይስባል፣ ቀስቱን በግራ ይይዛል።

የሚሆንና የማይሆን እንጨት

በከተማው ውስጥ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ምርጫዬ ዘይቱን ነው። በየግቢው አለ፣ በየጊዜው ይገረዛል፣ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለና በቀላሉ የማይሰበር ነው፤ ከሥሩ የሚያወጣው ቀጥ ያለ ቡቃያ ደግሞ ለቀስት የተፈጠረ ይመስላል። ሎሚና ብርቱካንም ይሆናሉ፤ ቀጥ ያለ ቁራጭ ማግኘት ነው ችግሩ። ከከተማ ወጣ ሲሉ ለንቋጣ አለ። የእርሱ ዘመዶች በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት ከሚመረጡት እንጨቶች መካከል ናቸው፤ ልጡም ለማሰሪያ ይሆናል። ክትክታ ጠንካራ ነው፤ የሚገባውን ውፍረት ያገኘ ቀጥ ያለ ክትክታ ካገኙ አይለፉት።

ወይራ ሌላ ነገር ነው። እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ከሌላው አሳስቶ መሥራት ይጠይቃል፤ በሚገባ ከተሠራ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን ቆሞ ያለ ወይራ ለመጫወቻ አይቆረጥም። በጣና ገዳማትና በየአድባራቱ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ደግሞ ከጥንት የተጠበቁ ስለሆኑ ቅርንጫፋቸው እንኳን አይነካም። ወይራ ከፈለጉ ቅዳሜ ገበያ ሄደው ዱላ ይግዙ። ዱላው ደርቋል፣ ቀጥ ብሏል፣ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ወር የሚፈጀውን ማድረቅ ያስቀርልዎታል። ሲገዙ ግን ሁለት ነገር ይዩ። ዱላው ልጡ ብቻ የተላጠ ነው ወይስ ለማስተካከል በካራ ተፍቋል? ከተፋቀ ጅማቱ፣ ማለትም በርዝመቱ የሚሄደው የእንጨቱ ክር፣ ተቆርጧልና ለቀስት አይሆንም። በእሳት ብዙ የጠቆረ ከሆነም ይተዉት፤ ደረቅነቱ አልፎ ተሰባሪ ሆኗል።

ዘጌ ዘመድ ያለው ሰው ቡና ሲጎነደል የሚጣለውን ግንድ ማግኘት ይችላል። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቅርንጫፍ በየአንጓው ግራና ቀኝ ስለሚያወጣ ጉጥ ይበዛዋል። የሚሠራበት ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ባሕር ዛፍ በየቦታው ስለሞላ ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው እርሱን ነው። ለጋው ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል። ዋንዛና ብሳና ለስላሳ ናቸው። ቅንጭብ በፍጹም አይነካ፦ ነጩ ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ ልጅ ባለበት ሥራ ላይ ቦታ የለውም።

ዛፉ ታውቆ ካለቀ በኋላ ዋናው ነገር የተገኘው ቁራጭ ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ ከልጁ ቁመት 20 ሳንቲሜትር የሚበልጥ፣ ቢያንስ በአንድ ወገኑ ጉጥ የሌለበት ይሁን። የገና ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ቆልማማ እንጨት ፍለጋ ዛፍ ለዛፍ እንደሚዞር ሁሉ እርስዎም ይዙሩ፤ የሚፈልጉት ግን ቀጥ ያለውን ነው። የልጡን መስመሮች ከታች እስከ ላይ ይከተሉ። መስመሩ ግንዱን እየዞረ የሚወጣ ከሆነ ውስጡም ተጠማዝዟልና ይተዉት።

መቁረጥና ማድረቅ

ጥሩው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። አየሩ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ የቀዘቀዘውም ወር ስለሚከተል እንጨቱ ቀስ ብሎ ይደርቃል። በሚያዝያ የቆረጠ ሰው ሥራው ሳያልቅ ዝናብ ይደርስበታል።

በተቆረጠበት ዕለት ሁለቱን ጫፎች በሰም፣ በኮላ ወይም በተረፈ ቀለም ይድፈኑ። እንጨት ውኃውን በፍጥነት የሚያጣው በጫፉ ነው፤ መሰንጠቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ልጡንም ያኔውኑ፣ ርጥበቱ ሳለ፣ በአውራ ጣትና በደነዘዘ እንጨት እየፈለቀቁ ያውርዱ። ካራ አይንካው። ከልጡ ሥር የሚወጣው ለስላሳ ገጽ የቀስቱ ጀርባ፣ ማለትም ወደ ዒላማው የሚያየው ወገን፣ ስለሚሆን አንድም ጭረት አያስፈልገውም። ይህን ገጽ ስስ አድርገው ኮላ ይቀቡት።

ከዚያ በተቃራኒው ወገን፣ ማለትም ወደ ወርዋሪው የሚያየው ሆድ በሚሆነው በኩል፣ በመጥረቢያ ቀለል አድርገው ጠርበው ውፍረቱን ወደ 2.5 ሳንቲሜትር ያምጡት። የተጠረበው ወገን ክፍት ስለሆነ ውኃው በዚያ ይወጣል፤ የተሸፈነው ጀርባ ሳይሰነጠቅ ይቀራል። ለቀና ጣውላ ሦስት ቦታ ላይ አስረው በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያጋድሙት። ጣሪያ ላይ ማስጣት የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ በቀን የጋለ ቆርቆሮ ግን እንጨቱን በአንድ ሳምንት ከፋፍሎ ያስረክባል። ማድ ቤት ውስጥ ከምድጃው ራቅ ብሎ ጭስ በሚያገኘው ቦታ መስቀል ጥሩ ነው፤ ነቀዝም አይደፍረውም።

መድረቁ በዓይን አይታወቅም። በየሳምንቱ ይመዝኑትና ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። መጀመሪያ በፍጥነት ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀስ ይላል፣ በመጨረሻ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ አንድ ቁጥር ላይ ይቆማል። ሲቆም ደርቋል። በዚህ ውፍረት በበጋ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው የሚፈጀው።

ጀርባና ሆድ

ከዚህ በኋላ ላለው ሥራ ሁሉ አንድ ሕግ አለ። ቀስት ሲሳብ ወደ ዒላማው የሚያየው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ወርዋሪው የሚያየው ሆዱ ይጨመቃል። የሚለጠጥ ገጽ ላይ አንድ ጅማት ከተቆረጠ ስንጣሪ ከዚያ ይነሣና ቀስቱ ለሁለት ይሄዳል። ስለዚህ ጀርባው ተፈጥሮ እንደ ሠራው ይቀመጣል፤ ጎርባጣ ቢሆን፣ ትንሽ ቢወላገድ አይታረምም። የሚፋቀው ሆዱና ጎኑ ብቻ ነው። አናጢ ሲሠራው ካየሁት ስሕተት ትልቁ እዚህ ላይ ነው፦ እጁ የለመደው ማስተካከል ስለሆነ ጀርባውን በመላጊያ ያለሰልሰዋል።

ቤት ውስጥ የእናቶች የጥጥ መንደፊያ ደጋን ካለ ለልጁ ያሳዩት። እንጨት፣ ጉብጠት፣ የተወጠረ አውታር፦ ሦስቱም እዚያ አሉ፤ ስለ ጀርባና ስለ ሆድ ያወሩለትን በእጁ ይዞ ያየዋል።

ቅርጽ ማውጣት

የእንጨቱን መካከል ፈልገው ምልክት ያድርጉ። ከመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች 5፣ 5 ሳንቲሜትር መያዣው ነው፤ እዚያ ውፍረቱ እንዳለ ይቆያል፣ አይጎብጥም። ከመያዣው ወዲያና ወዲህ ያሉት ሁለቱ ክንፎች ናቸው። ጀርባው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መካከለኛ መስመር ይሳሉ፤ መስመሩ በማስመሪያ የሚሰመር ሳይሆን ጅማቱን የሚከተል ይሁን። ጅማቱ ትንሽ ከታጠፈ መስመሩም ይታጠፋል።

ወርዱ ከመያዣው አጠገብ 3 ሳንቲሜትር ይሁን። እስከ ክንፉ ግማሽ እንደዚያው ሄዶ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጠበበ ጫፉ ላይ 1.2 ሳንቲሜትር ይድረስ። ጫፍ ቀላል ሲሆን ፍላጻው ይፈጥናል፣ እጅም አይመታም። የሆዱን ውፍረት ከመያዣው አጠገብ 1.5፣ ከጫፉ አጠገብ 1 ሳንቲሜትር ያህል እስኪሆን በሻካራ ሞረድ ያውርዱ። ለዘይቱንና ለሎሚ ይህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለወይራ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ይቀንሱ። ጉጥ ካለ ዙሪያውን ትንሽ ወፈር አድርገው ይተዉት።

ከጫፎቹ 2 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ ለአውታሩ ማረፊያ ይቆረጣል፤ በክብ ሞረድ፣ ከጎን ብቻ፣ ወደ መያዣው ዘመም ብሎ። ጀርባውን አያቋርጥ።

ማመጣጠን

ቀስት ከተጎበጠ ዱላ የሚለየው እዚህ ነው። ሁለቱ ክንፎች እኩል እንዲጎብጡ፣ በእያንዳንዱ ክንፍም ላይ ጉብጠቱ ከመያዣው እስከ ጫፍ እንዲዳረስ እየፋቁ ማምጣት ነው። የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ እንጨቱን ያጣል።

መጀመሪያ በመሬት ይሞክሩ። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ አስደግፈው መያዣውን በእጅዎ እየተጫኑ ክንፉን ይጎብጡት፤ ከዚያ ሌላውን። እጅ ልዩነቱን ያውቃል፦ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይገፋል። የሚገፋው ይፋቅ። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት መጉበጥ ሲጀምሩ ወደ ግድግዳ ይሂዱ።

ግድግዳ ላይ በቁመትዎ ልክ መያዣው የሚያርፍበት ጠንካራ ጉንዳ (አጭር ወፍራም እንጨት) ይምቱ፤ ከሥሩ ወለሉ አጠገብ አንድ የብረት ቀለበት። ቀስቱ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ጉንዳው ላይ ይቀመጣል። የቀስቱን ርዝመት ያህል የሆነ ገመድ በሁለቱ ጫፎች ላይ ላላ ብሎ ይታሰር፤ የሚዛኑ መንጠቆ የገመዱን መካከል ይያዝ፤ ከሚዛኑ የሚወርደው ሌላ ገመድ በቀለበቱ አልፎ ወደ እርስዎ ይምጣ። ሦስት ሜትር ርቀው ሲስቡ ቀስቱን ሙሉ ያዩታል፤ ቢሰበርም ስባሪው አያገኝዎትም። ከጀርባው ግድግዳ ላይ በከሰል አግድም መስመሮች ቢያሰምሩ ዓይንዎ አይሸነግልዎትም።

አሁን ወሳኙ ሕግ፦ ከሚፈልጉት ኪሎ በላይ በምንም ጊዜ አይሳቡ። ለ6 ኪሎ የሚሠሩ ከሆነ ሚዛኑ 6 ሲያሳይ ያቁሙ፤ አውታሩ የወረደው 15 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆንም። አይተው፣ ፍቀው፣ እንደገና ይሳቡ። አሁን 6 ኪሎው 20 ሳንቲሜትር ላይ ይመጣል፣ ቀጥሎ 27 ላይ፤ እንዲህ እያለ ልጁ እስከሚስብበት 48 ወይም 56 ይደርሳል። እንጨቱ ሊሸከመው ከሚገባው በላይ ስለማይጫነው ጉልበቱን ሳያጣ ይጨርሳል።

አንድ ዙር እንዴት እንደሚሄድ ቀርበን እንየው። ቀስቱ ጉንዳው ላይ ነው፣ ገመዱ ተስቧል። የግራው ክንፍ እንደ ማጭድ የተስተካከለ ቅስት ሠርቷል። የቀኙ ግን ከመያዣው አጠገብ እስከ አንድ ስንዝር ቀጥ ብሎ ሄዶ ከዚያ በድንገት ይታጠፋል። ዓይን የሚሄደው ወደ ታጠፈበት ቦታ ነው፤ እጅም እዚያ ሊፍቅ ይቸኩላል። ስሕተት ነው። የታጠፈበት ቦታ ቀድሞውኑ ስስ ነው፤ እርሱ እንዳይነካ በእርሳስ መስቀል ይደረግበት። ቀጥ ያለው ስንዝር ነው የሚፋቀው። ቀስቱን አውርደው፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ጉልበትዎ ላይ ያጋድሙ፤ ካራውን ቀጥ አድርገው አቁመው በሁለት እጅ ወደ ራስዎ ይጎትቱ። ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ መውጣት አለበት። ካራው ከዘለለና ሆዱ ላይ የደረጃ ምልክት ከተወ አቅጣጫ ይቀይሩ፤ በጅማቱ ተቃራኒ እየሄዱ ነው። አሥር ያህል ፍቀት፣ ከዚያ ማቆም። ቀስቱን መልሰው ሰቅለው ሃያ ሠላሳ ጊዜ በቀስታ ይሳቡትና ይልቀቁት። እንጨት የተፋቀውን ወዲያው አይናገርም፤ ጥቂት ከሠራ በኋላ ነው ለውጡ የሚታየው። ሳይስቡ ደጋግመው ከፋቁ፣ ሲስቡ የማይመለስ ነገር ያገኛሉ።

ብዙ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት በቁጥር ይታያል። ወርድን በግማሽ ቢቀንሱ ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረትን በግማሽ ቢቀንሱ ግን ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ከሆዱ ማንሣት ከጥንካሬው ከሩብ በላይ ይወስዳል። በ1.2 ሳንቲሜትር ውፍረት ላይ ይህ 1.2 ሚሊሜትር ነው፤ በሻካራ ሞረድ የጥቂት ደቂቃ ሥራ። ስለዚህ አውታሩ ግማሽ መንገድ ከደረሰ በኋላ ሞረዱን አስቀምጠው በካራ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ይሥሩ። ማለስለሱ ራሱ ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሚወስድ የሚፈልጉት ኪሎ ልጁ እስከሚስብበት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መፋቁን ያቁሙ።

ገመዱ ልጁ ከሚስብበት ርቀት ሲሶው ላይ ሲደርስ ላላውን ገመድ አንሥተው ወጠር ባለ አውታር ይተኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማመጣጠን በዚህ ይሁን። አውታሩ ተፈትቶ ሲያርፍ ቀስቱ ጥቂት ጎብጦ ይቀራል። ሦስት አራት ሳንቲሜትር ከሆነ የተለመደ ነው። ከዚያ ከበለጠ እንጨቱ ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ወይም ከልክ በላይ ተስቧል። ሆዱ ላይ ቀጫጭን የመጨማደድ መስመሮች ካዩ እንጨቱ እዚያ ላይ ተጨፍልቋል፤ በአካባቢው ያለውን ሌላውን ክፍል እየፋቁ ጫናውን ይበትኑለት። ጀርባው ላይ ስንጣሪ ከተነሣ ግን በኮላ አጣብቆ በክር ጠምጥሞ ለልጅ መስጠት አልመክርም። ለአዋቂ ይሁን፤ ለልጅ ሌላ ይሠራለት።

አውታር

የመረብ ናይለን ጣና ዳር በቀላሉ ይገኛል፤ ሲሳብ ግን ስለሚለጠጥ የቀስቱን ጉልበት ይበላዋል። የተሻለው ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት በሰም የታሸ የፖሊስተር ክር ነው። በሁለት ወገን እኩል ብዛት ያለው ክር ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ወገን ወደ ቀኝ እያከረሩ ሁለቱን እርስ በርስ ወደ ግራ ይግመዱ፤ አይላላም። አጠቃላይ የመሸከም አቅሙ ከቀስቱ ኃይል ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን። ቃጫ አይሆንም፤ ይፋቃል፣ በድንገት ይበጠሳል።

በአንዱ ጫፍ ቋሚ ቀለበት፣ በሌላው የሚስተካከል ቋጠሮ ይሥሩ። አውታሩ ከቀስቱ 8 ሳንቲሜትር ያህል ይጠር። ሲወጠር በመያዣውና በአውታሩ መካከል የልጁ ጭብጥ አውራ ጣቱ ቆሞ ሊገባ ይገባል፤ ከ12 እስከ 14 ሳንቲሜትር ነው። ፍላጻ የሚሰካበትን መካከል ተጨማሪ ክር ይጠምጥሙበት።

መጨረሻ ላይ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እየሄዱ ሁሉንም ጠርዝ ያደብዝዙ፤ ኑግ ወይም ተልባ ዘይት በጨርቅ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቁ ይቀቡ። መያዣው ላይ ቆዳ ወይም ወፍራም ፈትል ይጠምጠም። ይህ ሁሉ የልጁ ሥራ ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው፦ ቀርከሃ

ከአዊ በኩል የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲሰነጠቅ ጠፍጣፋ ዝርግ ይወጣዋል። የደረቀ ቀርከሃ መርጠው 3 ሳንቲሜትር ወርድ ያላቸው ሦስት ዝርጎች ያውጡ፦ አንዱ የቀስቱን ሙሉ ርዝመት፣ ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው አንድ ሦስተኛውን ያህል። የአይሱዙ ባሌስትራ እንደሚደረደር ረጅሙ በጀርባ፣ አጫጭሮቹ በሆድ በኩል ተደርበው፣ መካከላቸው ተገጣጥሞ በክር በየ10 ሳንቲሜትሩ ጠበቅ ብለው ይታሰሩ። የሁሉም አንጸባራቂ ቅርፊት ወደ ጀርባ ይይ፤ የቀርከሃ ጉልበት እዚያ ነው፣ አይፋቅም። ኃይሉ ከበዛ መካከለኛውን ዝርግ ከጫፉ ያሳጥሩ ወይም ከውስጥ በኩል ያሳሱ። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ሳይሞረድ ልጅ አይንካው።

ፈጥኖ ይደርሳል፣ አይሰበርም ማለት ይቻላል፤ ዕድሜው ከ7 በታች ለሆነ ልጅ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ሲያዩት ግን እንደ እንጨቱ አያምርም።

ፍላጻ

የጣና ዳር ሸምበቆ ለዚህ ይበቃል። ደንገል ለታንኳ እንጂ ለፍላጻ አይሆንም፤ ልል ነው። የደረቀ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው፣ አንጓው የማይበዛ ሸምበቆ ይምረጡ። የታጠፈበትን ቦታ ከከሰል ፍም በላይ እያዞሩ አሙቀው በእጅዎ ያቅኑት፤ እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። ርዝመቱ ልጁ ከሚስብበት ቢያንስ 8 ሳንቲሜትር ይብለጥ። ያጠረ ፍላጻ ከመያዣው ወደ ኋላ ገብቶ እጅ ላይ ሊሰበር ይችላል።

ኋላው ላይ አንጓ ካለበት ቀድሞ በክር ጠምጥመው ለአውታሩ መሰኪያ ይሰንጥቁ። ሦስት የዶሮ ክንፍ ላባዎች፣ ከአንድ ወገን ክንፍ የተወሰዱ፣ በእኩል ርቀት በኮላ ተለጥፈው ጫፍና ጫፋቸው በክር ይታሰር። በዓል ባለፈ ማግስት ላባ አይቸግርም።

ጫፉ አይሾልም። ከጎሚስታ ቤት የሚጣል ካላማዳሪ ቆርጠው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ስፖንጅ አድርገውበት፣ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ጫፍ ያስሩለት። ስፋቱ ለውበት አይደለም፤ ከዓይን ጎድጓድ በልጦ እንዳይገባ ነው። ልጆች «ጋሼ፣ ትንሽ ሹል ብናደርገው ግንብ ላይ ይተከላል» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ አይሆንም ነው፤ ድርድር የለውም። ጫፉ ሲከብድ ፍላጻው ቢቀርብም ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የት ይወረወራል

ጭድ የሞላበት ማዳበሪያ ኬሻ ዒላማ ይሁን፤ ከኋላው ድፍን ግንብ ወይም የአፈር ቁልል። በኦሎምፒክ ርቀቱ 70 ሜትር ነው፤ ለጀማሪ ልጅ ግን 5 ሜትር፣ ሲለምድ 10። የሐይቁ ዳር መናፈሻ፣ ሰው የሚመላለስበት መንገድና ዓሣ አስጋሪ የሚቆምበት ቦታ አይሆኑም። ወፍ ላይ ማነጣጠር ከመጀመሪያው ቀን ይከልከል። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ወፉም የዚያ አካል ነው።

ወርዋሪዎች በአንድ መስመር ይቁሙ፤ ሁሉም ወርውረው ቀስቱን መሬት ሳያስቀምጡ ማንም ፍላጻ ለማንሣት አይሂድ። ፍላጻ ሳይኖር አውታር ስቦ መልቀቅ አይፈቀድ፤ ፍላጻው ይወስደው የነበረው ጉልበት እንጨቱ ላይ ስለሚመለስ ጥሩ ቀስት በአንድ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይሰበራል። የሚይዘው ክንድ ላይ ወፍራም እጅጌ ወይም ቆዳ ይታሰር፤ አውታሩ አንድ ጊዜ የመታው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚለቅቀው።

ሲያበቁ አውታሩን ከአንዱ ጫፍ ያውርዱ፤ ተወጥሮ ያደረ ቀስት ጉልበቱን ያጣል። በሁለት ሚስማር ላይ አግድም ይቀመጥ እንጂ በግድግዳ አይደገፍ። በክረምት አየሩ ስለሚርስ ቀስቱ ይለሰልሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባይጠቀሙበት ይሻላል። በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ ዘይት ቀብተው፣ አውታሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ ዳስሰው፣ የተፋቀ ክር ካገኙ ሙሉውን ይቀይሩ።